ከበርሜሉ ያልወጣው አረፋ

ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ ከሱ የሚቀረው ምንድን ነው? የሠራው ነው ወይስ ሠራ የተባለው? እኛ የተማርን ነን ባዮች ይህን ጥያቄ በወንበር ላይ ሆነን እናላምጠዋለን። ጋሸና መገንጠያው ላይ፣ ከጭነት መኪኖች ማቆሚያ ጀርባ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራዲያተር ሲበይድ የኖረው ምስጋኑ ግን ጥያቄውን ያገኘው በእህቱ ደም ነው።

ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የላስታን ዳገት ግን ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቀዋል። “ከፍ ባልክ ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል። አየሩም ስስ ነው፤ ሙቀት አይሸከምልህም። ቆላ ላይ የሚኮራ ራዲያተር እዚህ ይዋረዳል” ይላል። አንድ ሕግም አለው። ለጥገናም ይምጣ ለውራጅ፣ የትኛውም ራዲያተር በርሜል ሳይገባ እጁ አይነካውም። አፎቹን በጎማ ይደፍናል፣ የጎማ መንፊያ ያስራል፣ ውኃ ውስጥ ይነክራል። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ሾፌር ይዋሻል፣ ባለ መኪና ይዋሻል፤ አረፋ ግን አይዋሽም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሙሉሃብት የሚባል የላሊበላ ባለሆቴል ልጅ አንዲት ቀይ መኪና ይዞ መጣ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ቱርቦ፣ አስፋልቱን እየላሰች የምትሄድ። ራዲያተሯ ከላይ በግራ ጥጉ ያፈስ ነበር። ምስጋኑ በየደው። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መኪናዋ ወደ ላሊበላ በሚወስደው ቁልቁለት ከመንገድ ወጥታ አንዲት ሴት ገደለች፤ ከቋጥኝ ጋር ተላትማም ቆመች። ሴትየዋ የሽንኩርት ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ መኪና ስትጠብቅ ነበር። ይማርሽ ትባላለች፤ ለምስጋኑ የእናቱ ልጅ፣ ታናሹ።

ሙሉሃብት አንድም ጭረት አልነካውም። “ራዲያተሩ ፈነዳ” አለ። “የአያ ምስጋኑ ብየዳ ለቀቀ። እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው፤ ምንም አልታየኝም።”

አገሩ ሁሉ አመነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያመነው ራሱ ምስጋኑ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ሕጉን የሻረውም ያን ጊዜ ነው። ራዲያተሩን አምጡና ልንከረው አላለም። ሽማግሌዎች የኔታ እንዳለው በሚባሉ አዛውንት የቄስ መምህር እየተመሩ፣ ሙሉሃብትን አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክመው ደጁ ሲደርሱ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ምስጋኑ ቀድሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። “እኔ ነኝ የገደልኳት” አለ። እርቅ ወረደ። ነገሩን በቤትም በገበያም በዳኛ ፊትም ላያነሳ መስቀል መትቶ ማለ። በመሐላ ያሰሩት ሽማግሌዎች ካልፈቱት በቀር የሚፈታው የለም።

ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ ሲያልፉ መስኮት ዝቅ አድርገው ይጮሁበት ጀመር። “አያ ምስጋኑ! የኔን እንኳ አደራ፣ እንዳታፈነዳው!” እሱ ቀና ሳይል ብየዳውን ይቀጥላል። የይማርሽን ተዝካር ሲያወጣ እንኳ በቀኝ እጁ እንግዳ አላስተናገደም። ያን እጅ ጠልቶት ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ቀይዋ መኪና አይሱዙ ላይ ተጭና ተመለሰች። ሙሉሃብት ከጋቢናው ወረደ።

“አያ ምስጋኑ፣ እንደምን ሰነበቱ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

“አዲስ ራዲያተር አስመጥቼ ነበር። አልሙኒየም፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ። ሁለተኛው ዳገት ላይ ተሰነጠቀ።”

“ይሰነጠቃላ።”

“አሁን አንዱ ነጋዴ የዚያኑ ዓይነት አለኝ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ወፍራም የውድድር አለ፣ እሱን ውሰድ ይላል። ግራ ገባኝ። እርስዎ ይምረጡልኝ።”

ምስጋኑ ኮፈኑን ከፍቶ በስንዝሩ ለካ። “የውድድሩ አይገባም፤ ከኋላው ያለው የሞተሩ ፋን ይገጨዋል። እሱን ለማስገባት የፊቱን ብረት መቁረጥ አለብህ፤ ያን ጊዜ መኪናህ ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ነው የምትሆነው። ፕላስቲኩን አይተኸዋል። ከጭነት መኪና ራዲያተር መዳብ ቆርጬ በልኳ ብሠራልህ ይሻላል። ይከብዳል፤ ግን ዳገት ይወጣል። ለልኬት አሮጌው ያስፈልገኛል፤ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው።”

ሙሉሃብት ዓይኑን ወደ አይሱዙው አዞረ። “ያ... ሆቴሉ ጓዳ ውስጥ መኖር አለበት። ለልኬት ብቻ ነው አይደል?”

“ለሌላ ለምን ይሆናል?” አለ ምስጋኑ። ያን ሲል ተንኮል አልነበረውም። አንዳንድ እውነት የሚመጣው ሳይፈለግ ነው።

በማግስቱ ራዲያተሩ መጣ። ምስጋኑ እንደ ልማዱ አፎቹን ደፈነና በርሜሉ ውስጥ ነከረው። ዓይኑ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ፣ ወደ ገዛ ብየዳው ሄደ። መንፊያውን ረገጠ። ምንም። ደገመው። ብየዳው ጭጭ አለ። አረፋው የወጣው ከታች፣ ከመሃል ነበር። አውጥቶ አገላበጠው። ፊቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ጀርባው ላይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ቁርጥ አለ። የፋን ቁርጥ ነው። ፋን ደግሞ ራዲያተር የሚቆርጠው መኪና ከፊት ተገጭታ ራዲያተሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ብቻ ነው። እንግዲህ እንፋሎቱ የተነሣው መኪናዋ ይማርሽን ጨርሳ ቋጥኙን ከመታች በኋላ ነው። መስታወቱን የሸፈነ ነገር አልነበረም። ሙሉሃብት መንገዱ ፍንትው ብሎ እየታየው፣ በፍጥነቱ ሰክሮ ነው የገደላት። ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ሲቆምም ይህን ያውቅ ነበር።

ምስጋኑ ቀኝ እጁን አነሣና ለረጅም ጊዜ አየው። እጁን ታረቀ። ሌላውን ሁሉ ተጣላ።

ሦስት ቀን አልሠራም። ነጋዴው ለማሳያ ብሎ የላከውን ባለ ፕላስቲኩን ራዲያተር ሚስማር ላይ ሰቅሎ ሲያየው ዋለ። አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል፤ ሙሉሃብት ቢያየው ይወደዋል። የት ላይ እንደሚሰነጠቅም ምስጋኑ ያውቃል፤ ከገደሉ አፍ ላይ፣ እንፋሎቱም ያን ጊዜ የእውነት መስታወቱን ይሸፍነዋል። የተናገረው ውሸት ተመልሶ ይበላዋል። ይህን እያሰበ አንድ ሁለቴ ፈገግ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

በሦስተኛው ቀን ግን ከሚስማሩ አውርዶ ጣለው። ያራራው ነገር የለም። ሙሉሃብት ከሞተ ውሸቱ አብሮት ይቀበራል፤ አገሩም “ይኸው፣ ዛሬም የምስጋኑ ራዲያተር ገደለ” ይላል። ሞት ለሙሉሃብት መደበቂያ ነው። ምስጋኑ የፈለገው ሰውየው በሕይወት ኖሮ፣ ዳገቱን በየቀኑ በእሱ ብየዳ እንዲወጣ ነው። መኪናዋ ሳትፈላ በወጣች ቁጥር ሰው “የማን ሥራ ነው?” ማለቱ አይቀርም፤ ቀጥሎም “ታዲያ ያኔ እንዴት ፈነዳ?” ይላል። ይህን ጥያቄ በሰው አፍ ውስጥ ሊዘራ ነው። እሱ ራሱ ምሏል፤ ምላስ የለውም።

ስለዚህ በሕይወቱ ሠርቶት የማያውቀውን ሠራ። መዳቡን በረድፍ በረድፍ ቆረጠ፣ ነሐሱን ቀጠቀጠ፣ ስፌቱን ሁለት ጊዜ በየደ። ጥላቻ እንዲህ ጥንቁቅ እጅ እንደሚሰጥ አያውቅም ነበር።

ሙሉሃብት ሲረከብ ሳቀ። “ውይ አያ ምስጋኑ፣ ይሄማ የጭነት መኪና ነው የሚመስለው!”

“ውበት ዳገት አይወጣም።”

“እንዳለፈው እንዳይሆን ብቻ።”

“እንዳለፈው ነው የሚሆነው” አለ ምስጋኑ፣ ዓይኑን ከዓይኑ ሳይነቅል። “ልክ እንዳለፈው።”

የሙሉሃብት ሳቅ ጠፋ። “አሮጌውን ልውሰደው።”

“አሮጌው እዚህ ይቀራል።”

መኪናዋ ሁለት ወር ወጣች ወረደች፤ አንድ ቀን አልፈላችም። ሾፌሮቹ ወሬ ጀመሩ። አንዱ ለስላሳ እየጠጣ “ይህን የሠራ እጅ ያንን አበላሸ ማለት ይከብዳል” ሲል ምስጋኑ በጆሮው ሰማ። የዚያን ቀን እራቱን በቀኝ እጁ በላ። ወሬው ላሊበላ ሲደርስ ግን ሙሉሃብት መኪናዋን ለአዲስ አበባ ሰው ሸጣት። መዳቡ ከነምስክርነቱ አገር ለቆ ሄደ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጋሸና ላይ ግን ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሣም።

ያን ጊዜ ምስጋኑ አሮጌውን ራዲያተር እንደ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ላሊበላ ወረደ። ሽማግሌዎቹ በየኔታ እንዳለው ግቢ ተሰብስበው ጠበቁት።

“ምንድን ነው የተሸከምከው ልጄ?” አሉ የኔታ።

“ያሰራችሁኝን ገመድ ነው። ፍቱኝ የኔታ። ቅዳሜ ገበያው መሃል አንድ በርሜል ውኃ ይቁም፤ ሙሉሃብትም ይቁም። እኔ ቃል አልተነፍስም። ይነከርና እዩ።”

“ልትበቀል ነው?”

“ልበቀል ነው፤ አልዋሽዎትም። በብረት አይደለም፣ በውኃ ነው።”

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ደሙ ደርቋል። የደረቀ ደም ውኃ ሲነካው መልሶ ይርሳል። ከዚያ በኋላ የሚፈሰውን ማን ይሸከመዋል?”

“እንግዲያስ ገበያው ይቅር። እዚሁ፣ እናንተ ብቻ እዩት።”

“ካየን መመስከር አለብን” አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሬት መሬት እያየ።

ምስጋኑ ራዲያተሩን ከአንገቱ አውርዶ ከየኔታ እግር ሥር አኖረው። የግቢው የውኃ ገንዳ አጠገባቸው ነበር።

“እንግዲያስ አይዩት” አላቸው። “ዓይንዎን ይጨፍኑ። አረፋ ሲወጣ ድምፅ አለው፤ ይሰማል። እኔ ነክሬ በአፌ ልንፋው፣ እርስዎ ብየዳዬ ላይ ጆሮዎን ብቻ ያስጠጉልኝ። ከዚያ በኩል ምንም ካልሰሙ ይበቃኛል።”

የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ።