የጋሼ ተሰማ ለቅሶና ውጅግራዋ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ናሆም ከኩፐርቲኖ ፎቶ ላከልኝ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን፣ አንድ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ተጋድሟል። ናሆም በዲቪ ከመጣ ብዙ አልቆየም። ሳምንቱን ሙሉ ኮድ ይጽፋል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ይጨንቀዋል። ከፎቶው ስር «አጎቴ፣ ሀቢ ጀመርኩ። አትደንግጥ፣ አንቲክ ነው። በሕግ እኮ ጠመንጃ አይባልም» ብሏል።

እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ሕግ፣ በፈረንጆቹ እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ እንደ ጠመንጃ አይቆጠርም የሚለውን፣ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር።

ያኔ ኦክላንድ ውስጥ ከጓደኛዬ ከደረጀ ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል። እኔ ዳውንታውን አንድ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ነበርኩ፤ ሥራዬ በአብዛኛው መጽሐፍ ማንበብ ነበር። ሰው እሁድ ኳስ ሲያይ እኛ በስምንት ሰማንያ አውራ ጎዳና ቁልቁል ሳን ሆዜ ወርደን ገን ሾው፣ የጠመንጃ ገበያ፣ እንገባለን። አዳራሹ የጠመንጃ ዘይትና የተጠበሰ ቋሊማ ይሸታል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ያለፈው መቶ ዓመት ጦርነት ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ተደርድሯል። የሰው ልጅ ያንን ያህል ተጋድሎ ትርፉ ለጡረተኞች መዝናኛ መሆኑ ያስቀኝ ነበር። ቢሆንም አንድም እሁድ አልቀረሁም።

አንድ ቀን ጥግ ላይ ካለ ጠረጴዛ አንዲት ውጅግራ፣ የዓድዋ ዘመን ጠመንጃ፣ አገኘን። ብረቷ ላይ የአንበሳ ምልክት ተመትቶበታል፤ ከእኛ አገር በጅምላ ተሸጠው ከመጡት አንዷ ናት። ደረጀ ሳይከራከር ገዛት። ቤት እንደገባ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ መስታወት አበራት። በሌላ ጊዜ ለሻጩ ሲያሳየው ሽማግሌው ሰው የሞተበት ያህል አዘነ። ለካ ሰብሳቢ የሚወደው ያንን የዕድሜ ጠባሳ ኖሯል። ጀማሪ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚያጠፋው የወደደውን ነገር ነው።

ውጅግራዋን ያልነቀፈ አንድ ሰው ጋሼ ተሰማ ነበሩ። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተው የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ደረጀን እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር። ጭናቸው ላይ አጋድመው አሻሿትና፣

«እኔ ስሞት ይቺን ይዘህ ትፎክርልኛለህ፤ ያለ ጠመንጃ እንደ ሻይ ነጋዴ እንዳትሸኙኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ ሻይ ነጋዴ ምን አደረገዎት?» አልኳቸው እኔ።

«ምንም። ሞቱን እንጂ ሕይወቱን መቼ ጠላሁ።»

ሳቅን። ደረጀ ግን ስቆ አልተወውም፤ ቃል ገባላቸው።

ጋሼ ተሰማ በመከር ሞቱ። ያ ሰሞን ተራራው ላይ የተነሣው የደን ቃጠሎ ሰማዩን ሽሮ አስመስሎታል፤ ሁሉም ሰው ያስላል። ለቅሶው ኢስት ኦክላንድ እቤታቸው ነበር። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ፣ ንፍሮ በሰፌድ እየዞረ፣ ሰው እስከ መንገዱ ሞልቷል። ደረጀ ጋቢ ለብሶ ውጅግራዋን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ።

«ምነው በጨርቅ ብትጠቀልላት?» አልኩት።

«የተጠቀለለ ጠመንጃ ለቅሶ ላይ አይቼ አላውቅም። ደግሞ አንቲክ ናት፤ አንተ ራስህ አይደለህ ሕጉን ያነበብክልኝ?»

እውነቱን ነው፤ ጥይቷ እንኳ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

ደጁ ላይ ቆመና ዘራፍ አለ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹ ከወንበር ተነሡ። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ጎረቤት ግን መሣሪያ ይዞ የሚጮኽ ጥቁር ሰው ነው ያየችው፤ ፖሊስ ጠራች። በዋዜማው ኬክ ጋግራ ያመጣችልን ሴት ናት። አልፈርድባትም፤ ሕጉን አላነበበችም።

ሁለት መኪና መጣ። ፖሊሶቹ ከመኪናቸው በር ጀርባ ሽጉጥ ደግነው «ጣለው! ሀንድስ አፕ! እጅ ወደ ላይ!» እያሉ ይጮኻሉ። ለቅሶው ቀስ በቀስ ጠፋና የእነሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። የጋሼ ልጅ ሊያ በእንግሊዝኛ «ለቅሶ ላይ ነን፣ አንቲክ ነው» እያለች ትለምናለች። ከዚያ ወደ ደረጀ ዞራ፣ ብዙም በማትናገረው አማርኛ፣

«ደሬ፣ ጣለው። ፕሊስ፣ ጣለው» አለችው።

ደረጀ አልጣለም። አፈሙዟን ወደ ሰማይ አድርጎ እንደ ሐውልት ቀረ። ያልሰማ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደነገረኝ ሰምቷል፤ ግን ሟች አደራ ያሉበት ጠመንጃ በለቅሷቸው ላይ መሬት መጣሉ ነውር መሆኑን ነበር የሚያስበው። አንደኛው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ ጣቱን ምላጩ ላይ አድርጓል። እኔ የማየው ያንን ጣት ነበር።

ከወንበራቸው ሳይነሡ የተናገሩት የጋሼ ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው።

«ልጄ፣ ጣለው። ተሰማ አይቀየምህም።»

ጣላት። ሰደፏ ሲሚንቶው ላይ ተሰነጠቀ። ደረጀ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ቆየና እንዳዘዙት በግንባሩ ተደፋ፤ ጋቢው ላይ ንፍሮ ፈሰሰ። እጁን የኋሊት አሰሩት፤ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩለት።

ብዙ ሳይቆዩ ፈቱት። ትልቁ ፖሊስ ውጅግራዋን አገላብጦ አይቶ ፊቱ በራ፤ ለካ እሱም ሰብሳቢ ነው። ብረቷን መፈተግ እንደማይገባ ለደረጀ በትሕትና አስረዳውና «አንድ ቀን ሳን ሆዜ እንገናኝ ይሆናል» ብሎ ሄደ። ደረጀ አመሰገነው። ያ ምስጋና ከካቴናው የበለጠ አንገበገበኝ።

በአርባው እትዬ አስካለ ደረጀን አስጠሩት። ሳሎን ውስጥ ጥቂት ሰው ነበር።

«ያን ቀን አቋረጡህ» አሉት። «ባዶ እጅህንም ቢሆን ጨርስለት።»

ደረጀ ተነሣ፤ አፉን ከፈተ። ፉከራው ሲመጣ ሁለት እጆቹ አብረው ተነሡ፤ እስከ ጆሮው ድረስ፣ መዳፋቸው ተዘርግቶ። እሱ አላዘዛቸውም። አይቷቸው እሱም ደነገጠ። እትዬ አስካለ «ይበቃል፣ ተቀመጥ» አሉት። ስለ ጋሼ ከዚያ በኋላ ማንም አልፎከረም።

ለናሆም ምን እንደምመልስለት ሳስብ ሰነበትኩ። ሕጉ ዛሬም ትክክል ነው፤ እኔም ያኔ ትክክል ነበርኩ። ነገሩ ትክክል የነበረው በወረቀት ላይ ነው፤ ደረጀ የቆመው ደግሞ መንገድ ላይ ነበር። ቀልድ ያለበት ነገር ለመጻፍ ሞክሬ አጠፋሁት። ደረጀ አሁን ሴት ልጁን አጋብቶ የልጅ ልጅ አይቷል። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ እስክስታ ሲወርድ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የጨፈረው፤ ሙሽራዋ «ዳዲ፣ ሀንድስ አፕ» እያለች ስትስቅ እኔ ብቻ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።