የቦራ ጥንድ

ሌላው ሰው የዕረፍት ቀኑን ተኝቶ ያሳልፋል፤ እኔ አሮጌ የጓሮ ሣር ማጨጃ ትራክተር እጠግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አሮጌውን ትራክተር፣ ቦራን፣ ሳስነሳው የቤንዚንና የእርጥብ ሣር ሽታው ወደ አሥራ አራት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ ነው አጎቴ ጋሽ ደምሴ ይህን ትራክተር ከአንድ ገበሬ ገዝተው በስደት ወደምንኖርበት ሰፈር፣ ወደ ኢስት ዮርክ ያመጡት። ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ስለነጣ፣ እንደ አገራቸው በሬ «ቦራ» አሉት። ቦራ ግን አልነሳም አለ፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅልለት ካርቡሬተሩ አልቆ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን ደግሞ ልክ እንደሱ ያለ፣ ሞተሩ የተቃጠለ ትራክተር ነበራቸው።

«አንድ በሬ ይዤ ምን ላርስ?» አሉ ጋሼ። «ሂጂና እንቀናጅ በያቸው። የሳቸውን ካርቡሬተር ቦራ ላይ እንግጠመውና አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለሳቸው ይሥራ።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይጠየቅም!»

«ጎረቤት አይደሉም እንዴ? ሂጂ!»

ሄድኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝና እየሳቁ መፍቻቸውን ይዘው መጡ። ቅዳሜ ለእኛ፣ እሑድ ለሳቸው ሆነ፤ ጋሼ እንደሁ እሑድ አይሠሩም። ያን በጋ የሁለታችንንም ሣር ቦራ አጨደው።

ጎረቤታችን ካረፉ ወዲህ ሁለቱም ትራክተሮች እኔ ጋ ናቸው። የሳቸውን ሞተር ጠግኜ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ቦራ ላይ ያለው የራሱ ካርቡሬተር ብቻ ነው።

ስልኬ ጠራ፤ ጋሼ ናቸው፣ አሁን ከሚኖሩበት ከክሬሰንት ታውን።

«ቦራ ተነሳ?»

«ይሰማዎት የለ!»

«ጥንዱስ?»

የቦራን ሞተር አጠፋሁ።

«አሁን የሱ ተራ ነው» አልኩና መፍቻዬን አነሳሁ።