ብስክሌት ልንገዛላት የነበረችው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ሲያትል አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ፣ ጋሽ ታደሰ ሳሎን ውስጥ ሰባት ሰው ተሰብስበን ብስክሌት እናከፋፍላለን። ብስክሌቱ ገና አልተገዛም። ልጆቹንም አይተናቸው አናውቅም። ግን እያከፋፈልን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጣን ሰዎች ትንሽ ማህበር አለችን። ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ኤቨረት ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ ይሰራሉ፣ ንግግር ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። «የገጠር ሴት ተማሪዎች ከተማ ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ ነው የሚማሩት፣ ብስክሌት እንግዛላቸው» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። ገንዘብ ለሚሰጠው ድርጅት ማመልከቻው ሰኞ መግባት አለበት። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ሥራዬ ሲያትል ዳውንታውን ቢሮ ቁጭ ብሎ የሰው ፕሮጀክት መገምገም ነው።

ሶ... ፎርሙ ላይ «ታሳቢዎች» የሚል ሳጥን አለ። ሳትጠይቁ እውነት ነው ብላችሁ ያለፋችሁትን ነገር በግልጽ ጻፉ ማለት ነው። ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ሞነጫጭሮበት ያልፋል። እኔ ደግሞ እንጀራዬን የምበላው በዚህ ሳጥን ነው። ተነሳሁ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍኩ፣ ማርከር ያዝኩ።

«ይሄማ አያጠራጥርም የምትሉትን ሁሉ አውጡት!» አልኩ፣ እንደ ፕሮፌሰር።

አወጡት። መንገዱ በክረምት ያስኬዳል። ወላጆች ይፈቅዳሉ። ጎማ ሲፈነዳ የሚጠግን አለ። ወንድም ብስክሌቱን አይቀማም... አስራ አንድ ታሳቢ! በራሴ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

ይሄኔ ከሶፋው ጥግ «ልጄ...» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ አሰገደች ናቸው፣ የጋሽ ታደሰ ታላቅ እህት። ከዚያው ከገጠሩ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው።

«እነዚህ ልጆች በብስክሌት የሚሄዱት ወዴት ነው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ፣ እትዬ!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግር! እኔስ እንደዚያ አይደል የተማርኩት?»

«አንተማ በደርግ ጊዜ ነው። አሁን ማን ይመላለሳል? ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ስንቅ ሲያልቅባቸው ነው ብቅ የሚሉት። የልጅ ልጄ የሺም እንደዚያው ናት።»

ጋሽ ታደሰ ግን በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። «ኦኬ፣ ኮል እናድርግላት!» አሉ። በስፒከር ደወልን። እዚያ መሸት ብሏል።

«የሺዬ፣ ብስክሌት ብንገዛልሽስ?»

«ብስክሌት?...» ልጅቷ ግራ ገባት። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ እኮ ከተከራየነው ቤት ጀርባ ነው።»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማርከሩ እኔ እጅ ላይ ነበራ!

«እሺ የሺ...» አልኳት፣ «የሚያስቸግርሽ ታዲያ ምንድነው?»

«በሩ ቁልፍ የለውም። በገመድ ነው የምናስረው። ሰካራም እየመጣ ይገፋዋል። ስለዚህ በተራ ነው የምንተኛው፣ አንዳችን ነቅታ ትጠብቃለች። አራት ነበርን... አንዷ ትምህርቱን ትታ እናቷ ጋ ተመለሰች። ሦስት ስንሆን ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል።»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የገዛ እህታቸው የልጅ ልጅ ናት እኮ። እኔ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብዬ አወረድኩት። አስራ አንድ ታሳቢ ስንደረድር «ልጆቹ የት ነው የሚኖሩት?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ባለሙያዋም ጭምር!

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ እያወቁ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ? ሁለት ወር ሙሉ ‹በረደዎት ወይ?› ብቻ ነው የምትሉኝ።»

ማመልከቻውን ከአንደኛው መስመር ጀምረን እንደገና ጻፍነው። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ደህና በር ያለው ቤት፣ አብራቸው የምታድር አንድ ትልቅ ሴት... እንዲህ ያለ ነገር። ሰኞ ላክነው፤ መልሱ ገና ነው። የነየሺን በር ግን መልስ አልጠበቅንለትም፣ ከኪሳችን አዋጥተን ላክን፣ ማክሰኞ ቁልፍ ተገጠመለት። ረቡዕ ለአያቷ ደውላ «ትናንት ሁላችንም ተኛን» አለቻቸው።

«አገሬንማ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ... እኔንም ጨምሮ... «የስንት ዓመተ ምህረቱን?» በሉት።