ለአንድ ጠዋት አባት

የትኛው ዓመት እንደነበር አሁን በትክክል አላስታውሰውም። ቡናው ተለቅሞ አላለቀም፣ የያዮ መንገድ ጭቃም አልደረቀም ነበር፤ ከዚያ በላይ አልልም።

መቱ ውስጥ፣ ከአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። እኔ ራሴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። በዚያ በር የገባሁትም የተሰፋ ልብስ ለማድረስ ብቻ ነው።

ልጆቹ ወላጅ አምጡ ሲባሉ ምን እንደሚያደርጉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደህና ኮት የለበሰ ሽማግሌ መንገድ ላይ ይፈልጉና አባት ሁኑልን ብለው ይለምናሉ። እኔንም ብዙዎቹ ጠይቀውኝ እየሳቅሁ መልሻቸዋለሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅን ግን መመለስ አቃተኝ።

ከያዮ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። የምትመለሰው ሰኞ ጠዋት ስለሆነ መኪና ሲጠፋ ታረፍዳለች። ሲደጋገም ወላጅ አምጪ ብለው ከበር መለሷት።

"ማሎ፣ እባክዎ አባባ፣ ለዛሬ ብቻ አባቴ ሁኑልኝ" አለችኝ።

"የራስሽ አባትስ?"

"አንድ ቀን በጥፋትሽ ከተጠራሁ ቤት ትቀሪያለሽ ብሎኛል። እሱ ከሰማ ትምህርቴ አበቃ።"

ኮቴን አራግፌ ተከተልኳት። ቢሮ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ዩኒት መሪ ተቀምጣለች፤ ወጣት መምህርት ናት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ስንት ልጆች አሉዎት ጋሼ?"

"ስድስት።"

"ከዚችኛዋ ጋር ነው፣ ያለሷ?"

ልጅቱ ማልቀስ ስትጀምር ነገሩን እንዳለ ለመምህርቷ ነገርኳት። መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ዛሬ ትግባ። ግን በውሸት አባት ዓመቱን አትዘልቅም። እርስዎ የከተማ ተጠሪ ይሁኗት፤ እሱንም ወላጅ አባቷ ሲፈቅድ ነው። ቅዳሜ ሄደው ይንገሩት" አለችኝ።

ያን ሳምንት ቁጭ ብዬ መስፋት አልቻልኩም። አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገለበጥኩት። ሁለቴ ተነስቼ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ያለ ምክንያት ተመለስኩ። አባትየው ቢያስቀራትስ? ትምህርት ቤቱ ላይ እናደዳለሁ፤ ሴት ልጅን ከዚያ ሁሉ ርቀት አስመጥቶ የት ታድራለች፣ ምን ትበላለች የሚል የለም፤ ክፍሉ ከመጨናነቁ የተነሳ መምህሩ የቀረውን ልጅ ስም እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ፤ ይሄ ባይኖር የእሷ ቢጤ የት ሊማር ነው? የነጋዴውም የገበሬውም ልጅ እኮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። እዚህም ሐሳብ ላይ አልረጋም፤ እንደገና እነሳለሁ።

ቅዳሜ ከልጅቱ ጋር መናኸሪያ ስንደርስ መምህርቷ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣለች።

"ብቻዎን ሄደው ምን ሊሉት ነበር? ሰባተኛ ልጅ አገኘሁ ሊሉት?" አለችኝ። እሷም የሁሩሙ ወረዳ ገበሬ ልጅ መሆኗንና መቱ ቤት ተከራይታ መማሯን መንገድ ላይ አጫወተችኝ።

አባትየው ደጁ ላይ ቡና እያሰጣ አገኘነው። የመጣሁበትን ስነግረው ሥራውን አቁሞ አየኝ።

"እኔ መቼ ሞትኩና ነው የሚተኩኝ?" አለ በኦሮምኛ።

መምህርቷ ቀረብ ብላ፣ ከተሰጣው ቡና ውስጥ ግርዱን እየለቀመች፣ በራሱ ቋንቋ ቀስ ብላ አስረዳችው። ልጅቱ ያረፈደችው በስንፍና አለመሆኑን፣ እሁድ ጠዋት ቢሸኛት ሰኞ በሰዓቱ እንደምትገባ፣ ትምህርቷን መምህርቷ ራሷ እንደምትከታተል ነገረችው። "ከተማ ውስጥ ደግሞ እኚህ ሽማግሌ አሉ" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ልጅቱ ከበሩ ጀርባ ሆና ትሰማለች።

አባትየው ቡናውን አገላበጠ።

"ተጠሪው እሳቸው ይሁኑ" አለ። "ጥፋት ከተገኘ ግን የምጠራው እኔ ነኝ። አባቷ እኔ ነኝ።"

"ይጠራሉ" አለችው መምህርቷ።

ልጅቱ በማግስቱ እሁድ ስንቋን ይዛ መቱ ገባች። ያን መንገድ ሂጂ ብሎ መምህርቷን ያዘዛት አልነበረም። ከዚያ ጭንቀት ያወጣችኝ እሷ ናት፣ የሁሩሙዋ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ዩኒት መሪዋ።