እንቁላል እምቢ ያሉ ቄቦች

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ከአንኮበር አምጥቼ ደብረ ብርሃን እኔው ጋ አስቀመጥኳት። ሐኪሙ "እንቁላል አይለያት" ስላለ፣ ለገበያ እነዋሪ የምትመላለስ ጎረቤቴን ዶሮ እንድትገዛልኝ ለመንኳት። ገና እንቁላል ያልጀመሩ ሦስት ቄቦች ይዛልኝ መጣች።

"ሊጥሉ ደርሰዋል" አለችኝ።

ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም ገባ። አንዳቸውም አልጣሉም። ጠዋት ጠዋት ውሃቸው ላይ የጋገረውን በረዶ ሰብሬ ለብ ያለ ውሃ እቀይርላቸዋለሁ። ከዚያ እናቴን አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ፣ ቁርሷን አብልቼ ወደ ፋብሪካ እሮጣለሁ። ማታ ስመለስ ያው ነው፤ ወገቤ የኔ አይመስለኝም።

ያልሞከርኩት የለም። ፉርሽካውን በገብስ ለወስኩላቸው። የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ሰጠኋቸው። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዘጎዝኩና፣ አይተው ይለምዱ ብዬ ከሱቅ የገዛሁትን እንቁላል አስቀመጥኩበት። በማግስቱ ሰባብረው በልተውት አገኘሁ። ግቢው ውስጥ ያለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አማረኝ፤ ለእሱም አቅም አጣሁ።

"ትጮሂባቸዋለሽ" አለችኝ እናቴ ከአልጋዋ። "ዶሮ እየተጮኸባት አትጥልም።"

"እና ማን ላይ ልጩህ፣ እማዬ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ሰሞን ቀይዋ ቄብ እናቴ ክፍል መግባት ጀመረች። በመጥረጊያ አስወጣታለሁ፤ ዞር ስል ተመልሳ ትገባለች። አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ትጭራለች፣ ታጉረመርማለች።

"ተያት፤ ቦታ ፍለጋ ነው" አለች እናቴ።

"ቤቱ ሲቆሽሽ የሚያጸዳው ማን ነው?"

"እኔማ አይደለሁም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አሮጌ ልብስ የያዘውን ቅርጫት አልጋው ሥር ገፋሁት፤ በሩንም ገርበብ አድርጌ ሥራዬ ሄድኩ።

ስመለስ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሳልደግፋት ተነስታ ስትቀመጥ ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በአንድ እጇ የአልጋውን ብረት ይዛለች፤ ግንባሯን አልቦታል።

"እማዬ! ማን አስነሳሽ?"

"ዝም በይ" አለችኝ፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ። "ቅርጫቱ ውስጥ ናት። ላያት ብዬ ነው።"

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ ቄቧ ወጣችና ሰፈሩን የሚያውክ ማስካካት ጀመረች። ቅርጫቱ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። እንቁላሉ ትንሽ ነው፤ ጫፉ ላይ ደም ነክቶታል፤ ይሞቃል። እናቴ ከእጄ ወስዳ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ቀቅዬ አመጣሁላት። ለሁለት ከፈለችና አንዱን ወደኔ ገፋችው።

"ላንቺ እኮ ነው ያለው ሐኪሙ።"

"ብይ። መልክሽን በመስታወት አይተሽዋል?"

በላሁ። ጨው አልነበረበትም፤ ተነስቼ ላምጣ ብዬም አልቻልኩም።

ሁለተኛዋ ቄብ ጥር ሲጋመስ ካርቶኑ ውስጥ ጣለች። ሦስተኛዋ እስከ መጨረሻው አልጀመረችም፤ ለፋሲካ አረድናት። እናቴ በምርኩዝ እስከ ግቢው በር ትደርሳለች፣ ከዚያ አታልፍም። ማጠቡም ማልበሱም እንዳለ ነው። ቀይዋ እንደሆነች ሌላ ቦታ እምቢ አለች፤ ሥራ ከመውጣቴ በፊት የአልጋውን ሥር እጠርግላታለሁ።