የአባት ስም በቆመ ድንጋይ ላይ

ድንጋይ ጠራቢው ከታላቅ እህቱ ጋር የተቃቃረው በአባታቸው የመቃብር ድንጋይ ነው። እሱ የአሸዋ ድንጋዩ ጋደም ብሎ ይቀመጥ አለ፤ እሷ ከመንገድ የሚታይ፣ ቀጥ ያለ ሐውልት ፈለገች። ታላቅ ናትና ቃሏ ጸና፤ ሥራውንም ለባሏ ዘመድ ሰጠችው።

ጠራቢው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲያገላብጥ ኖሮ ከሰው ጋር መለሳለስ አልሆነለትም። ድንጋይ እጁ ሲገባ መጀመሪያ በአውራ ጣቱ ይፈትገዋል። ቅንጣቱ ጣቱ ላይ ከቀረ፣ ጠብ ያደረገበትንም ውሃ ጭልጥ አድርጎ ከጠጣ፣ የአሸዋ ድንጋይ ነው ብሎ ንብርብሩን ወደ ማየት ያልፋል። ወንዝ አሸዋውን እያመጣ ያነጥፋል፤ አንዱ ንጣፍ ሌላውን ይጫነዋል፤ ሰርጎ የገባ ኖራና ዝገት ቅንጣቱን ያጣብቀዋል፤ የሰው ዕድሜ በማይለካው ዘመን ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይም አተኛኘቱን አይረሳም። ንብርብሩን ሽቅብ ካቆሙት ዝናብ በየመሀሉ ይገባና ፊቱን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል።

ጥቂት ክረምት አልፎ የአባትየው ስም ግማሹ ረገፈ። እህትየው «ወንድሜ ተናዶ በመዶሻ ፋቀው» ብላ ለዘመድ ሁሉ አዳረሰች። የወንድሙ ልጆች እንኳ ሲያዩት መንገድ ይሻገሩ ጀመር። ስድብ ይችል ነበር፤ የአባቱን መቃብር አረከሰ መባሉ ግን አንገበገበው። አጎታቸውን ልኮ እመቃብሩ ድረስ አስጠራት።

«ሰውን እንኳ ባታፍር የሞተውን አታፍርም?» አለችው ገና ከሩቁ።

«እትዬ፣ ስድቡ ይቆየኝ። መዶሻ ይዣለሁ?»

«አንተ ለክፋት መዶሻ ምን ያደርግልሃል? ምላስህ ይበቃል።»

አጎትየው ሳቁን በሳል ደበቀው።

ጠራቢው በቀሩት ፊደላት ላይ በጣቱ አንኳኳ፤ ድምፁ ባዶ ነበር፤ የድንጋዩ ፊት ከውስጥ ለቋል። አንቺም አንኳኪው አላት። አንተ የነካኸውን አልነካም፣ በማንኳኳትም አላምንም አለች። ያን ጊዜ ደሙ ፈላ። ጥፍሩን በፊደላቱ ዳር ባለው ስንጥቅ አስገብቶ ሳብ ሲያደርገው፣ ቅርፊቱ ከነፊደላቱ ያለ አንዳች ትግል መዳፉ ላይ ተኛ። ከሥሩ ማንም ያልተጻፈበት፣ ንጹሕ ድንጋይ ብቅ አለ።

እህትየው መዳፉን አየች፣ ድንጋዩን አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ያኛውን ዝናብ ይሁን ያነሣው። ይህን ግን ያነሣኸው አንተ ነህ። ሁላችንም አየን።»

ጠራቢው ወደ አጎቱ ዞረ። አጎትየው ዐይኑን ሰብሮ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለ። እሱም የአባቱን ስም የሚያኖርበት አጥቶ፣ መዳፉን እንደዘረጋ ቆመ።