አማቴ ፊት የጮኸው ሬዲዮ

ኮታ፣ ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ ስልክህን አስቀምጥ፤ እኔ ሳወራ የሚያወራ ከሮቤ ከተማ ይውጣልኝ።

የሚስቴ አባት ሲሞቱ የተውልን አንድ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነበር፤ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ፣ ድምፁን የሚያጎላ አምፕሊፋየር የለኝም። ሚስቴ አጋርፋ እናቷ ጋ ስትሄድ የሬዲዮውን ሆድ ዘረገፍኩትና፣ እንደ አምፖል የሚግሉትን የመስታወት ቱቦዎች አስቀርቼ የጊታር አምፕሊፋየር ሠራሁበት። ከውጪ ያው ሬዲዮ ነው።

ይቺ ሴት እናቷን ይዛ አትመጣ መሰላችሁ! አማቴ ሬዲዮው ተወልውሎ ሲያዩ ፊቱ ቁጭ አሉ።

«ማሻአላህ፣ አሠራኸው? ክፈተው እስቲ፣ ዜና ልስማ።»

ላብ በላብ ሆኜ ከፈትኩት። ጭጭ።

«እማማ፣ እምቢ አለ መሰለኝ» አልኩ።

«ቆይ፣ እስኪሞቅ ነው። ድሮም እንዲህ ነበር» ብለው ጭራሽ ተመቻችተው ጠበቁ።

ምን ላድርግ? ጊታሬን ሬዲዮው ላይ ሰካሁና መታሁት። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ በረረ! እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ!

«የአባቴን ሬዲዮ ገደልከው!» ብላ ሚስቴ ጮኸች።

አማቴ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀምሯል።

«ጨሊሲ! ዝም በይ አንቺ! አባትሽ ዕድሜ ልኬን በዚህ ያሰማኝ ዜና ብቻ ነው። አንተ፣ ድገመው!»